ሳላነብ የፈረምኩት

...ሃያ ሦስት፣ ራይት፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ጎበዝ፣ ሃያ አራት፣ ራይት፣ ቀን፣ ፊርማ፣ በርታ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ነው የማገላብጠው፣ ቃል ቃል ነው፣ አላነብም ብያቸዋለሁ አላነብም፣ የማየው ከጽሑፉ ሥር የቀረችውን ባዶ ቦታ ብቻ ነው፣ ሃያ አምስት፣ እጄ ደነዘዘ፣ አቶ ፊሊጶስ እግዜር ይስጣቸው፣ ሰኞ ጠዋት የደብተር ቁጥጥር አለ ብለው ዓርብ ከሰዓት የሚናገሩ ዩኒት ሊደር የት ይገኛል፣ ስታፍ ሩሙ ባዶ ነው፣ ሁሉም ሹልክ ብሏል፣ እኔና የአምስተኛ ለ አርባ ሁለት ደብተር ብቻ ተፋጠናል፣ እና ያቺ ልጅ ምን ማለቷ ነው?

ሚስ፣ የዛሬውን ቶሎ እዪልኝ፣ ወሬ አልቆብኛል። እንዲህ ነው ያለችኝ ሀጀር። ደወል ተደውሎ ሁሉም እየተጋፋ ሲወጣ እሷ ጠረጴዛዬ ጋ ቀርታ፣ ሻርፗ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ቦርሳዋ ከሷ በልጦ፣ እኔ ሰሌዳ እያጠፋሁ፣ ወሬ ደግሞ ያልቃል እንዴ፣ በይ ሂጂ ሰርቪስ ያመልጥሻል አልኳት፣ ሳቅሁ እንኳ፣ እሷ ግን አልሳቀችም፣ ቆማ አየችኝ፣ መልስ የሚጠብቅ ሰው ነው እንደዚያ የሚያየው። ምን ወሬ? ለማን የሚወራ? ደሞስ እኔ የማላነበውን ነገር ቶሎ ማየት ማለት ምን ማለት ነው?

ተይው ወይንሸት፣ ልጅ ናት፣ ሃያ ስድስት፣ ራይት፣ ቀን፣ ፊርማ። የኔ ጥፋት ነው፣ ማን ስልጠና ሂጂ አለሽ፣ ማን አዲስ ነገር ልሞክር አስባለሽ፣ እንደ ሰው ግጥም አስገልብጠሽ አትኖሪም? አምስት ደቂቃ፣ ብዕር ከወረቀት አይነሳም፣ ፊደል ብትሳሳቱ ግድ የለም፣ የምትጽፉት ከጠፋችሁ የምጽፈው ጠፋኝ ብላችሁ ጻፉ፣ ማንም አያነበውም፣ እኔም ጭምር። ሚስ እውነት? እውነት። ማርክስ? ማርክ የለውም። የመጀመሪያ ቀን ግማሹ ጣሪያ ሲቆጥር ዋለ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ኧረ ሚስ ትንሽ ጨምሪልን ማለት ጀመሩ፣ ኻሊድ፣ ዓመቱን ሙሉ ሁለት መስመር ጽፎ የማያውቀው ኻሊድ፣ ገጹን ሞልቶ ወደ ሚቀጥለው ተሻገረ፣ ምን እንደጻፈ አላውቅም፣ አለማወቄ ራሱ ደስ ሲለኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አስተማሪ የሆንኩ የመሰለኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ አቶ ፊሊጶስ መጡ። ይሄ ምንድነው፣ ስምንት ገጽ ሙሉ ቀይ የለበትም፣ ወላጅ ምን ይላል? አይነበብም ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነው አልኳቸው። ሳቁ፣ ሚስ ወይንሸት፣ ወላጅ ደብተር ገልጦ ቀይ ካላየ ልጁን የሚያስተምረው ሰው ያለ አይመስለውም፣ እያንዳንዷ ገጽ ራይት፣ ቀን፣ ፊርማ፣ አንድ ማበረታቻ ቃል፣ አለቀ። እውነታቸውን ነው፣ የኔም እናት ደብተሬን ስትገልጥ መጀመሪያ የምትፈልገው ቀዩን ነበር። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ አይደል፣ መላ አገኘሁ፣ እፈርማለሁ ግን አላነብም፣ ቀዩም አለ ቃሉም አለ፣ ሁለቱንም አስደስቼ ማደሬ ነው። ሃያ ሰባት። ጎበዝ፣ በርታ፣ በርቺ፣ ግሩም፣ በተራ በተራ፣ ፊት ለፊቱ ምን እንደተጻፈ ሳላይ።

የሀጀር ደብተር የቱ ነበር? የማይነበብ ነገር ቶሎ እዪልኝ አትልም። ሰማያዊ ልባስ፣ በስኮች የተለጠፈ፣ ከኋላው የእናቷ ስልክ፣ ይሄው። አላነብም፣ አገላብጬ አስቀምጠዋለሁ፣ እሺ የላይኛዋን መስመር ብቻ፣ አንድ መስመር ምን አላት፣ ይቅር በዪኝ የኔ እናት፣ ሚያዝያ ስድስት፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል፣ ዛሬ ስለ መንገድ ነው የምጽፈው፣ ትላለች፣ ስለ መንገድ፣ ታዲያ ይሄ ምን ያስፈራል፣ የሰርቪሳችን ሹፌር ጋሽ ምሩጽ እየነዱ ይተኛሉ።

ምን?

መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። በመስታወቱ ሳያቸው ዓይናቸው ተጨፍኗል። መገናኛን አልፈን ቀለበት መንገድ ስንገባ ይብስባቸዋል። ሌሎቹ ልጆች ስለሚንጫጩ አላዩም። እጄን አመመኝ። ሚስ ብዕር አታንሱ ስላለች አላነሳም። መኪናው ወደ ጎን ሲሄድ ወንበሩን አጥብቄ እይዛለሁ። ከሥሩ በቀይ፣ የኔው ፊርማ፣ የኔው ቆልማማ ወ፣ ጎበዝ! ከነቃለ አጋኖው።

ውይ። ውይ ውይ ውይ። ቀጣዩ ገጽ፣ ሚያዝያ ስምንት፣ ሚስ ማንም አያነበውም ብለሽ ነበር፣ ግን ጎበዝ ብለሽ ጽፈሽልኛል፣ ስለዚህ አንብበሽዋል። ለማንም እንዳላወራ ፈልገሽ ነው በጽሑፍ የመለስሽልኝ፣ ገብቶኛል። አንድ ነገር አስቤያለሁ። የሰርቪሱ ረዳት ከለቀቀች ጀምሮ የፊት ወንበሩ ባዶ ነው። እዚያ ተቀምጬ ባዋራቸውስ? ሰው ሲያዋራቸው አይተኙም። ልቀመጥ ወይስ ይቅር?

ልቀመጥ ወይስ ይቅር ብላ ጠይቃኛለች። ከሥሩ በቀይ፣ በርቺ!

ቆይ፣ ተረጋጊ፣ ሌላ ገጽ፣ በርቺ ስላልሽኝ ተቀመጥኩ፣ ስለ ድመታችን ነገርኳቸው፣ ስለ ደሴ አያቴ ነገርኳቸው፣ አልተኙም፣ ስልካቸው ሲጮኽ ግን ክፉኛ ይደነግጣሉ፣ መሪው ይዞርባቸዋል፣ ትናንት አንድ ታክሲ ልንገጭ ነበር። ጎበዝ! ሌላ ገጽ፣ ስለ ዓሣ ነባሪ፣ ስለ ጨረቃ፣ በቴሌቪዥን ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፣ በርቺ! ሌላ፣ ግሩም ነው! የዛሬው፣ ገና ያልተፈረመበት፣ ሚስ ወሬ አልቆብኛል፣ ዛሬ ምን ብዬ ላዋራቸው፣ ትናንት ዝም ስል አንገታቸው ወደቀ፣ ትከሻቸውን ነካሁና ነቁ...

ሰርቪሱ። ስንት ሰዓት ነው፣ ዘጠኝ ከሃምሳ፣ መስኮቱ፣ ግቢው፣ ነጩ ሚኒባስ ቂጡን አሳይቶኝ ከበሩ እየወጣ ነው፣ ጋሽ ምሩጽ! ማን ይሰማል ከሦስተኛ ፎቅ፣ ዘበኛው በሩን እየዘጋ ነው፣ ደረጃው፣ ደብተሩ እጄ ላይ ነው፣ ቦርሳዬ ቀረ፣ ይቅር፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ጫማዬ ይንሸራተታል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ወይንሸት ዛሬ እዚሁ ደረጃ ላይ ተሰብረሽ ትቀሪያታለሽ፣ ክፈቱልኝ፣ አባባ ክፈቱልኝ፣ ምነው ልጄ፣ ሰርቪሱ በየት ሄደ፣ በየት ይሄዳል፣ እንደ ሁልጊዜው፣ በጉርድ ሾላ በመገናኛ ወደ ገርጂ ነዋ። አሥራ አራት ልጅ፣ ከፊት ሀጀር። ሄዷል።

አቶ ፊሊጶስ ጋ፣ ቶሎ፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አቤት ሚስ ወይንሸት፣ የአራት ቁጥር ሰርቪስ ሹፌር እየነዳ ይተኛል፣ ልጆቹን ይዞ ወጥቷል፣ ምን ይደረግ? ማነው ያለሽ? ተማሪ፣ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። የትኛው ደብተር፣ ያ የማይነበበው? አዎ። ፈርመሽበታል? ምን? ፊርማሽ አለበት ወይ ነው የምልሽ? አዎ አለበት፣ አምስት ቦታ አለበት፣ አሁን እሱ ነው እንዴ ጉዳዩ? አቤት አቤት፣ ሚስ ወይንሸት፣ በይ ቆይ አሁኑኑ ደውዬ አስቆመዋለሁ። ተዘጋ።

ደውዬ። እንዴ! ስልክ ሲጮኽ መሪው ይዞርባቸዋል። አይደውሉ! አይደውሉ ለማን ነው የምጮኸው፣ ስልኩ ተዘግቷል፣ ልደውልላቸው፣ ይጠራል፣ ዘጉብኝ፣ ሊደውሉለት ነው፣ ደግሜ፣ ዘጉብኝ፣ ደግሜ፣ እኔ እየደወልኩ እስካለሁ እሳቸው መደወል አይችሉም አይደል፣ እየዘጉብሽ ደውዪ ወይንሸት፣ እንደ ተኮረፈች ፍቅረኛ፣ ሰባት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ፣ ስድብሽን ጠጪ፣ ብቻ አትለቂያቸው። ምን ሆነሽ ነው አንቺ ሴትዮ! ብለው አነሱ በዘጠነኛው። ስልክ ሲጮኽ ይደነግጣል፣ ልጅቱ ጽፋዋለች፣ በልጆችዎ ሞት አቶ ፊሊጶስ፣ አይደውሉለት፣ እኔ እደርስበታለሁ። እንዴት አድርገሽ? እኔ እንጃ! ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ እሺ፣ አልደውልም፣ ከሌላው ሰርቪስ ጋር እከተልሻለሁ፣ እግዚአብሔር ይከተልሽ። ሰውዬው ለካ ሰው ናቸው።

አንድ የራይድ ታክሲ ጥግ ይዞ ቆሟል፣ ሹፌሩ ስልኩን ይነካካል፣ በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ እህት ሰው አዝዞኛል፣ የታዘዝከውን ሰርዝ፣ ልጆች የያዘ ሰርቪስ ላስቆም ነው፣ ሹፌሩ እየተኛ ነው የሚነዳው፣ ዞሮ አየኝ፣ እብድ እንደሆንኩ ሊለይ፣ ከዚያ ስልኩን ወርወር አደረገውና አስነሣ፣ ሰው ማለት እንደዚህ ነው፣ ስምህን እንኳ አላውቅም፣ ዋቅቶላ እባላለሁ፣ አይዞሽ፣ እንደርሳለን፣ መገናኛ አሁን ጭንቅ ነው፣ መንገዱ ይይዘዋል። ዛሬ መንገድ ይዝጋልኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ይዝጋ ብዬ እየጸለይኩ ነው፣ መኪናው እርስ በርሱ ይቆላለፍልኝ፣ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ ይቁም፣ እባክህ መድኃኔዓለም፣ አንድ ሰዓት ይቁም።

ሲኤምሲ መንገዱ ግን ክፍት ነው፣ የማይከፈትበት ቀን ተከፍቷል፣ ባቡሩ ከጎናችን ያልፋል፣ ሰዉ መስኮት ላይ ተለጥፏል፣ ነጭ ሚኒባስ፣ እሱ ነው? አይደለም፣ ነጭ ሚኒባስ፣ አይደለም፣ ከተማው ሁሉ ለምን ነጭ ሚኒባስ ይገዛል? ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ከኋላው የእናት ስልክ፣ ልደውል ወይስ ይቅር፣ ምን ልላት፣ ልጅሽ ደህና ናት ልላት አላውቅም፣ ልጅሽ ደህና አይደለችም ልላት አላውቅም፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ደወልኩ። ሄሎ፣ ወይዘሮ ሐሚዳ፣ ወይንሸት ነኝ፣ የሀጀር ሚስ። ከኋላ የስፌት መኪና ይሰማል፣ ገርጂ መጋረጃ ቤት አላቸው፣ ምነው ሚስ፣ በሰላም ነው? ስለ ሰርቪሱ ሹፌር ነው አልኳቸው፣ እየነዱ እንደሚተኙ... አዎ እሱን ጉዳይ፣ አሉኝ፣ ምን አደረጋችሁት?

ምን አደረጋችሁት። ያውቃሉ! እርስዎ ያውቁ ነበር? ዓርብ ዓርብ ደብተሯን አያለሁ እኮ ሚስ፣ መጀመሪያ ሳነበው ወላሂ ብርክ ያዘኝ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ልመጣ ተነሥቼ ነበር፣ ከዚያ ፊርማሽን አየሁት፣ ጎበዝ፣ በርቺ፣ ካወቁትማ ትምህርት ቤቱ ይዞታል፣ እኔ መሀል ገብቼ የሰው እንጀራ ምን ልበጥብጥ አልኩ፣ ልጄም ሚስ እየተከታተለችኝ ነው አለችኝ፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት። የስፌት መኪናው ቆመ። ሚስ? ሚስ ወይንሸት? አታውቂም ነበር እንዴ?

አሁን ነው ያነበብኩት፣ ሰርቪሱን እየተከተልኩት ነው አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ። ፈርመሽበታል እኮ አሉኝ፣ አልጮኹም፣ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር፣ ፈርመሽበታል እኮ ሚስ፣ ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው የፈረመው እንደሆነ እንዲነገራቸው የፈለጉ ይመስል፣ ከዚያ ያ አላህ፣ የት ደርሳችኋል፣ ወደ መገናኛ እየሄድኩ ነው አልኳቸው፣ መጣሁ ብለው ዘጉት። ዋቅቶላ በመስታወቱ ያየኛል፣ እያለቀስኩ ነው መሰለኝ፣ እህቴ አሁን አታልቅሺ፣ መንገዱን እዪልኝ፣ ነጩን ፈልጊ፣ እኔ ልነዳ ነው፣ አንቺ ፈልጊ።

እስከ ዛሬ ስንት ደብተር፣ ስንት ራይት? ከነዚያ ሥር ሌላ ምን ነበር? ኻሊድ ገጹን ሞልቶ የተሻገረው ስለ ምን ነው? ያቺ ሁልጊዜ ምሳዋን የምትመልሰው አስማ ምን ብላ ጽፋ ምን ብዬ ፈርሜበት ይሆን? ቃሌን ጠብቄያለሁ ብዬ የምኩራራው፣ ምን ቃል፣ አላነብም ማለት አንድ ነገር ነው፣ ያላነበቡትን አንብቤያለሁ ብሎ መፈረም ሌላ ነው፣ ይሄ ውሸት ነው በአማርኛ፣ ሌላ ስም የለውም፣ በቀይ የተጻፈ ውሸት። ወይ አንብቤ ልፈርም፣ ወይ ሳላነብ ነጩን ልተወው፣ አቶ ፊሊጶስን እምቢ ማለት አቃተኝና ለአርባ ሁለት ልጅ ዋሸሁ።

ጉርድ ሾላ። ሁለት ልጆች እዚህ ይወርዳሉ፣ ከወረዱ ቆሞላቸው ነበር ማለት ነው፣ ትንሽ ጊዜ አባክኗል ማለት ነው፣ ደህና፣ ያው! አዩኝ፣ ወንድምና እህቱ፣ የአራተኛ ክፍሎቹ፣ አይስክሬም ይዘው፣ ደህና ወርደዋል፣ ገና አሁን ነው የወረዱት፣ ሚስ! ብለው እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ዋቅቶላ፣ ቅርብ ነው፣ ከፊታችን ነው፣ አያመልጠንም እህቴ፣ እዪው መብራቱ ያዘው፣ መገናኛ ተቆልፏል፣ መኪና በመኪና ላይ፣ ጡሩምባ፣ ቦሌ ቦሌ ቦሌ፣ ገርጂ በኢምፔሪያል አንድ ሰው፣ ጸሎቴ ተሰማ፣ ያው፣ ያው ነጩ፣ የተማሪዎች አገልግሎት የሚለው ቢጫ ጽሑፍ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ መኪና ቀድሞናል፣ ወደ ቀለበት መንገዱ መግቢያ አፍንጫውን አዙሮ።

አቁምልኝ፣ ቆመናል እኮ እህት፣ ወረድኩ፣ በመኪናው መሀል፣ አንቺ ሴት ልትሞቺ ነው፣ ሞተር፣ ጋሪ፣ ባለ ሎተሪው፣ ሂሳብ አልሰጠሁትም፣ ዋቅቶላ ይቅር በለኝ፣ አራት መኪና፣ ሦስት፣ የፊቱ ይንቀሳቀሳል፣ አትንቀሳቀስ፣ በኋላ መስኮት የልጆች ጭንቅላት፣ ከፊት በጎን መስታወቱ የትንሽ ልጅ እጅ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ እያወራች ነው፣ ሀጀር በእጇ ጭምር እያወራች ነው፣ ወሬ ያለቀባት ልጅ፣ የተለቀቀው መንገድ ከፊቱ ባዶ ነው፣ ሌላው ጡሩምባ ይነፋበታል፣ እሱ አይሄድም፣ የሹፌሩ አንገት ወደ መሪው ዘምበል ብሏል፣ እጇ ትከሻውን ያዘ፣ ነቀነቀችው፣ ቀና አለ። በስመአብ። ደረስኩ፣ የመስኮቱ መስታወት፣ በመዳፌ፣ ቀስ ብዬ፣ ይደነግጣሉ፣ ቀስ፣ ጋሽ ምሩጽ፣ ጋሽ ምሩጽ፣ እኔ ነኝ።

ዓይናቸው ቀይ ነው፣ የበርበሬ ዓይን፣ ሚስ ወይንሸት? ምን ሆነሽ ነው በዚህ መሀል? ጥግ ይያዙ አባቴ፣ ከመግቢያው በፊት፣ ማደያው ጋ። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ሀጀርን አዩዋት፣ እኔን አዩኝ፣ እጄ ላይ ያለውን ሰማያዊ ደብተር አዩት፣ ከዚያ ፍሬቻ አበሩ፣ ከጎናቸው እየሄድኩ፣ በሩን እንደያዝኩ፣ እንደ ታክሲ ረዳት፣ ማደያው ጥግ ላይ ቆመ፣ ሞተሩ ጠፋ። አሥራ ሁለት። ቆጠርኳቸው፣ ደግሜ ቆጠርኳቸው፣ ሚስ ምነው፣ ሚስ ጎማ ፈነዳ እንዴ፣ አሥራ ሁለት፣ ሁሉም አሉ።

ቁልፉን ሳልጠይቃቸው እጄ ላይ አስቀመጡት። ሚስቴ ሆስፒታል ተኝታለች አሉኝ፣ ሦስት ሳምንት፣ አስታማሚ እኔ ብቻ ነኝ፣ ከወንበር ላይ ነው የማድረው፣ ብናገር ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ፣ ልጅቷን ግን እኔ አልነገርኳትም፣ ራሷ ናት የደረሰችበት፣ ይቺ ልጅ ባትኖር እኔ... አልጨረሱትም፣ ሃምሳ ምናምን ዓመት ሰው ነው ከንፈሩ የሚንቀጠቀጠው፣ ልቆጣቸው ነበር፣ በመንገዱ ሁሉ የምሰድባቸውን ስድብ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት፣ የሰው ልጅ ጭኖ ይተኛል ወይ ልል፣ አፌ ውስጥ ቀረ፣ እኔ ማን ሆኜ፣ እኔ ዓይኔን ገልጬ አልነበር የተኛሁት? ጋሼ ይተኙ፣ አሁን ይተኙ አልኳቸው። መሪው ላይ ተደፉ፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

አቶ ፊሊጶስ ጋ ደወልኩ፣ ማደያው ጋ ነን፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሌላውን ሰርቪስ ይዘው ይድረሱልኝ፣ ተመስገን አሉ፣ ደገሙት፣ ሰኞ ስለ ፊርማው እንነጋገራለን አሉ፣ እንነጋገራለን አልኳቸው፣ አርባ ሁለቱንም ደብተር ይዤ ነው የምመጣው፣ አንብቤ ሳይሆን፣ ልጆቹን ጠይቄ፣ ማን እንዲነበብለት እንደሚፈልግ ጠይቄ፣ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። ይሄን የመጨረሻውን ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም፣ ሰኞ እናገረዋለሁ። እናገረዋለሁ? እናገረዋለሁ።

ልጆቹን አወረድኳቸው፣ ግድግዳው ጥላ ሥር ደረደርኳቸው፣ ሀጀር ብቻ የፊት ወንበሩ ላይ ቀርታለች፣ ዝም በሉ ተኝተዋል ትላቸዋለች በእጇ፣ ነይ ውረጂ ሀጀር፣ ወረደች፣ ፊቷ ይበራል፣ ሚስ፣ ቶሎ አየሽው አይደል? ቶሎ እዪልኝ ስልሽ ቶሎ አየሽው፣ እንደምትመጪ አውቄያለሁ እኮ፣ ለጋሽ ምሩጽም ሚሴ ታውቃለች ብያቸዋለሁ። ይሄውልሽ፣ አዎ በያት፣ አዎ ብትያት ምን ትጎጃለሽ፣ ልጅቱ ደስ ብሏታል፣ እናቷ እስክትመጣ አሥር ደቂቃ አለሽ፣ አሥር ደቂቃ ጀግና ሁኚ። ሀጀር፣ አልኳት፣ ጎንበስ ብዬ፣ የዛሬውን ነው ያየሁት። ሌሎቹን እስከ ዛሬ አላነበብኳቸውም ነበር፣ አንዱንም።

አልገባትም። ራይት አድርገሻል እኮ። አዎ። ጎበዝ ብለሻል። አዎ። ልቀመጥ ወይ ብዬሽ በርቺ ብለሻል። አዎ፣ ሳላነብ ነው የጻፍኩት፣ ለሁሉም እንደዚያ ነው የምጽፈው፣ ጥፋቴ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፊቷ ላይ ያ ብርሃን እንዴት እንደጠፋ ማየት የለብኝም ነበር፣ አየሁት፣ ሻርፗን ወደ ፊት ጎተተች፣ መንገዱን አየች፣ ታክሲዎቹን አየች፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ብቻዬን ነበርኩ? አለች። ለኔ አይደለም ያለችው፣ ለራሷ ነው፣ ቀኖቹን ወደ ኋላ እየቆጠረች፣ ቀለበት መንገዱን አንድ በአንድ፣ ብቻዋን፣ የአሥር ዓመት ልጅ። አዎ ብቻሽን ነበርሽ አልኳት፣ ከእንግዲህ ግን... ከእንግዲህ የሚለውን ተይው፣ ቃል አትግቢ፣ ቃልሽን አይታዋለች።

ከማደያው የናፍጣ ሽታ ይመጣል። ከዚያ ዓይኗን አጥብባ፣ ልክ እኔ የቃል ጥያቄ ስጠይቃቸው እንደማየው አድርጋ፣ የዛሬውንስ አንብበሽዋል? አዎ የዛሬውን አንብቤዋለሁ። መጨረሻው ምን ይላል? መጨረሻው። ሰርቪሱ ሲወጣ በመስኮት ሳይ ነው ያቋረጥኩት፣ ትከሻቸውን ነካሁና ነቁ የሚለው ላይ፣ ከዚያ በታች ሌላ አራት አምስት መስመር ነበር፣ አይቼዋለሁ፣ አላነበብኩትም። አልጨረስኩትም ሀጀር፣ ስሮጥ ነው የመጣሁት። አልተቆጣችም፣ ደብተሩን ከእጄ ወሰደችና ገጹን አወጣችው፣ መልሳ ሰጠችኝ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ አሁን አንብቢው፣ ጮክ ብለሽ፣ እኔ እየሰማሁ።

ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ጡሩምባው ይጮኻል፣ ልጆቹ ዞረው ያዩኛል፣ እሷ ከንፈሬን ታያለች፣ አንዲት ቃል እንዳልዘልል፣ ሚስ ለሌሎቹ ልጆች ትልቅ ሰው መስዬ ታየኋቸው፣ ትላለች፣ ከፊት ስለምቀመጥ፣ እኔ ግን ሲመሽ ተኝቼ እንኳን መኪናው ይሄዳል፣ እማዬ ለምን ትቃዣለሽ ትለኛለች፣ ደወሉ ሊደወል ነው፣ ብዕሬን አላነሳሁም፣ ሚስ እባክሽ ዛሬ በርቺ ብለሽ አትጻፊልኝ፣ ደክሞኛል፣